የሕፃናት ሕክምና ትምህርት ክፍል በአንድ ዓመት ሲያድግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቱ ሲያልቅ የዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሕክምና ትምህርት ክፍሎች «ዘንድሮ ይህን ያህል አደግን» የሚል ሪፖርት ያወጣሉ። ይህን ያህል አልጋ፣ ይህን ያህል ሐኪም፣ ይህን ያህል የምርምር ጽሑፍ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ወላጆች ይጠይቃሉ፣ የሕክምና ተማሪዎች ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴ የክፍሉ ሠራተኞች ራሳቸው ይጠይቃሉ። ደጋግመው የሚነሱትን እዚህ ሰብስቤ በገባኝ መጠን መልሻለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እኔ እድገትን የማየው በአንድ ነገር ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ሲመጣ አልጋው አጠገብ ማን አለ? ምን ያውቃል? በእጁስ ምን ይዟል? ይህ ከአምናው ካልተሻለ ሌላው ቁጥር ብዙም አያስደስተኝም። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ክፍሉ አደገ» ሲባል ምኑ ነው ያደገው?

ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ለዓይን የሚታየው ነው። ሕንፃ፣ አልጋ፣ መሣሪያ፣ የተቀጠረ ሰው። መቆጠሩ ክፋት የለውም። ግን አልጋ ብቻውን ልጅ አያድንም። አልጋ ጨምራችሁ ነርስ ካልጨመራችሁ ያላችሁን ነው ያሳሳችሁት፤ ትናንት 4 ልጆች ትጠብቅ የነበረች ነርስ ዛሬ ለ7 ልጆች ትሯሯጣለች፣ መድኃኒት ይዘገያል፣ ትኩሳት ሳይለካ ያድራል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን «የአልጋ ቁጥር ጨመረ» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ሪፖርት ሳነብ ከአልጋው ቁጥር ጎን የነርሶቹን ቁጥር እፈልጋለሁ። ከሌለ መጠየቅ አለበት።

ከሌላ የልጆች ሆስፒታል በምን ይለያል?

ሦስት ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራል። ያክማል፣ ያስተምራል፣ ይመራመራል። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ማለትም ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ሕመምተኞችን ሲያዩ፣ አንድ አልጋ ከብበው የቆሙትን ሰዎች ካያችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ሲኒየሩ ሐኪም አለ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥነው ሬዚደንቷ አለች፣ የሕክምና ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበው ኢንተርኑ አለ፣ ከኋላ ደብተር የያዙ ተማሪዎች አሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ልጁን ስትጠብቅ ያደረችው ነርስም አለች። ሁሉም የሚያዩት ያንኑ ልጅ ነው።

ሦስቱ ሥራዎች ግን ጊዜ ይሻማሉ። ሐኪሙ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ካየ በኋላ ማስተማሪያ ሰዓቱ ተበልቷል። ምርምሩማ ለቅዳሜና እሁድ ይቀራል። ጥሩ ዓመት ማለት ለኔ አንዱ ሥራ ሲያድግ ሌላውን ያልበላበት ዓመት ነው። ይህን ደግሞ ያለ በቂ ሰው ማድረግ አይቻልም።

ለመሆኑ ልጆች የራሳቸው ትምህርት ክፍል ለምን አስፈለጋቸው? ከአዋቂ ጋር ቢታከሙስ?

ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም። ይህ አባባል ሲደጋገም ተራ ይመስላል፣ ግን እውነቱ በሰው ሕይወት የተገኘ ነው። በ1950ዎቹ ክሎራምፌኒኮል የሚባለው ፀረ ተሕዋሲ ለጨቅላ ሕፃናት ይሰጥ ነበር። አንዳንዶቹ ሰውነታቸው ግራጫ እየሆነ፣ እየቀዘቀዘ፣ የደም ዝውውራቸው እየተዳከመ ሞቱ። በኋላ እንደታወቀው የጨቅላ ጉበት መድኃኒቱን ቀይሮ ለማስወገድ ገና አልደረሰም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ለአዋቂ መድኃኒት የሆነው ለጨቅላው መርዝ ሆነ ማለት ነው።

የልጅ መድኃኒት በአብዛኛው በኪሎ ነው የሚሰላው። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት መጠኑ 10 እጥፍ ይሆናል። የልጅ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ የደም ግፊት «ልክ ነው» የሚባለው በየዕድሜው ይለያያል፤ የ1 ወር ሕፃንና የ10 ዓመት ልጅ በአንድ ሠንጠረዥ አይታዩም። ለዚህ ነው በ1802 ፓሪስ ውስጥ፣ በ1852 ደግሞ ለንደን ውስጥ ለልጆች ብቻ የሚሆኑ ሆስፒታሎች የተከፈቱት። ለዚህ ነው አብርሃም ጃኮቢ በ1860 ኒውዮርክ ውስጥ የልጆች ክሊኒክ ከፍቶ ተማሪዎችን እዚያው በሽተኛው ፊት ማስተማር የጀመረው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምናየው ትምህርት ክፍል የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ስፔሻሊስት ማፍራት ይቻላል?

ዘንድሮ ለመጀመር ካሰባችሁ ዘንድሮ አንድም አይወጣም። የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲ በብዙ አገር ቢያንስ 3 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጨቅላ ሕፃናት ወይም ካንሰር ላይ ለይቶ ለመማር የሚፈልግ ሰው ሌላ 2 ወይም 3 ዓመት ፌሎውሺፕ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ሪፖርት ላይ የምታዩት ምርቃት ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ተከራክሮ ያስፈቀደው የቅበላ ቦታ ነው። ያ ሰው አሁን ክፍሉ ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ ሥራው ግን አለ። ስሙ ሲነሳ ደስ ይለኛል።

በርግጥ ከሌላ ቦታ ሐኪም መቅጠር ይቻላል። እሱ ፈጣን ነው። ግን የተቀጠረው ሰው የሚመጣው ከአንድ ሌላ ክፍል ነው፤ እዚያም ልጆች አሉ።

አንድ ነገር ብቻ መጨመር ቢቻል የት ላይ ይሁን?

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ላይ። ሳላቅማማ።

ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። በ1990 በዓለም ላይ 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱ ልጆች ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2022 ቁጥሩ 4.9 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ትልቅ ድል ነው፤ ክትባት፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ የሳንባ ምች ሕክምና፣ የተሻለ አመጋገብ ያመጡት ድል። ግን ከነዚያ 4.9 ሚሊዮን ውስጥ 2.3 ሚሊዮኑ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው! ዕድሜያቸው ከፍ ላሉት ልጆች የሠራው መፍትሔ ለጨቅላዎቹ እኩል አልደረሰም።

ጨቅላ የሚፈልገው ደግሞ ሲዘረዘር ቀላል ይመስላል። ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ እንዲቆይ። ኦክስጅን ካስፈለገው በመጠን እንዲያገኝ። የእናቱን ወተት፣ መጥባት ካልቻለም በቱቦ። ታጥቦ የነካው እጅ። አስቸጋሪው ይህን ሁሉ በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም በዓልም ሳይባል፣ ለእያንዳንዱ ጨቅላ ማድረግ ነው። ያንን የሚያደርገው ሰው ነርስ ናት። ሐኪሙ ያዝዛል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ልጁ ቀለሙ ሲለወጥ፣ ትንፋሹ ለ20 ሰከንድ ሲቋረጥ፣ ትናንት ይጠባ የነበረው ዛሬ አልጠባም ሲል መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት። ሕፃን «አሞኛል» አይልም፤ በሱ ፈንታ የምትናገረው እሷ ናት።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ጨቅላ ክፍል ላይ የሠለጠነች ነርስ ቀጥራችሁ በየ6 ወሩ ወደ ሌላ ዋርድ አታዘዋውሯት። ብዙ ቦታ ይህ ይደረጋል፤ ሰው በደንብ በለመደ ማግስት ይነሣል። አዲሷ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራለች። አንድ ክፍል በዓመቱ ውስጥ ይህን ብቻ ቢያቆም አድጓል እላለሁ።

አዳዲስ መሣሪያ ገብቷል። ይህስ እድገት አይደለም?

ሊሆን ይችላል። ሳንባው ላልጠነከረ ጨቅላ አየር በግፊት የሚሰጠው ሲፓፕ ብዙ ሕፃናትን አትርፏል፤ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ግን ያለ እሱ ኦክስጅን መስጠት በጨለማ እንደመሄድ ነው።

ግን እጠይቃለሁ። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ቱቦውና የአፍንጫ መሰኪያው ሲያልቅ ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋስ? የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ሥልጠናውን ወስዳለች ወይስ ሥልጠናው ቀን ለመጡት ብቻ ነበር? እነዚህ ካልተመለሱ መሣሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆማል።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም መሣሪያ ያለ እውቀት ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። በ1940ዎቹ በሀብታም አገሮች ያሉ ሆስፒታሎች አየር የማያስወጡ ጥሩ ኢንኩቤተሮች (ጨቅላን የሚያሞቁ ሣጥኖች) ገዙ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ውስጥ ተኝተው እንደ ልብ ኦክስጅን ይሰጣቸው ጀመር። ከዚያ ሕፃናቱ መታወር ጀመሩ። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በዓለም ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች ዓይናቸውን እንዳጡ ይገመታል። ብዙ ምክንያት ከተጠረጠረ በኋላ ጥፋቱ ከመጠን ያለፈው ኦክስጅን ላይ እንደሆነ በጥናት ተረጋገጠ። የታወሩት በብዛት የነበሩት የተሻለ መሣሪያ ባላቸው ሆስፒታሎች ነበር። ይህን ሳስብ ሁሌም ያመኛል።

ገንዘብ የማይጠይቅ እድገት የለም?

አለ፣ ብዙ አለ። ዋናውን ልናገር።

በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ አንድ የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል በጣም ተጨናነቀ። ኢንኩቤተር አይበቃም፤ ሁለትና ሦስት ሕፃን በአንድ ይተኛሉ፤ ኢንፌክሽኑ ይዛመታል። ሐኪሙ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ሕፃናቱን ከእናቶቻቸው ደረት ጋር፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ቀንና ሌሊት እንዲያቆዩ አደረጉ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ «የድሃ መፍትሔ» ተብሎ ነበር የታየው። ቀስ በቀስ ግን ማስረጃው ተጠራቀመ። በ2021 የታተመ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራ ትልቅ ጥናት ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ሕፃናትን ተከታተለ። ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ከተወለደ ጀምሮ ካንጋሮ ሲደረግ የሞት መጠኑ በሩብ ቀነሰ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን በዚሁ መልክ አሻሻለ።

ታዲያ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? እናቲቱ የምትተኛበት አልጋ ልጇ አጠገብ እንዲሆን። ያ ብቻ። እናትን በር ላይ አቁሞ «የጉብኝት ሰዓት አልደረሰም» የሚል ክፍል ሕጉን ቢለውጥ በአንድ ወር ውስጥ ያድጋል። እውነት ለመናገር ለእናት ጉብኝት የሚባል ነገር የለም፤ እናት ጠያቂ አይደለችም።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ልጆችን በመጡበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በሕመማቸው ክብደት መለየት። ተረኛ ሲቀያየር ርክክቡ በጽሑፍና አልጋው አጠገብ እንዲሆን። እጅ መታጠብ። አንዳቸውም አዲስ አይደሉም፤ በየቀኑ መደረጋቸው ግን ብዙ ቦታ አዲስ ነገር ይሆናል።

ልጆች አልጋ አጥተው ምርምር ለምን ይሠራል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጠይቀውን ሰው አልቀየምም። ግን ከላይ ያነሳሁትን የኦክስጅን ታሪክ አስታውሱ። ያቆመው ምርምር ነው።

ሌላም አለ። በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ያለጊዜው ተወለደ፣ 2 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ሳንባው አልጠነከረም። ያኔ የነበረው ጥሩ ሕክምና ተሞከረለት፤ በ2 ቀኑ ሞተ። ሜሪ ኤለን አቬሪ የተባሉት ሐኪም እንደነዚህ ዓይነት ሕፃናት የሚሞቱት ሰርፋክታንት የሚባለው የሳንባ ቅባት ስለሌላቸው መሆኑን ከ4 ዓመት በፊት፣ በ1959፣ አሳይተው ነበር። ምክንያቱ ታውቋል፣ መድኃኒቱ ግን ገና የለም። በ1980 ጃፓን ውስጥ ቴትሱሮ ፉጂዋራና ባልደረቦቻቸው ሰርፋክታንት ለሕፃናት ሰጥተው እንደሚሠራ አሳዩ። በመሐል 21 ዓመት አለ። ዛሬ የፓትሪክን ያህል የሚመዝን ሕፃን ሰርፋክታንትና ሲፓፕ ባለበት ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ድኖ ይወጣል።

የዓመቱ ሪፖርት ላይ የምርምር ጽሑፍ ብዛት ሲጻፍ የምጠይቀው ስንት እንደሆነ አይደለም። ከነዚህ ውስጥ ዋርዱ ውስጥ አንድ ነገር ያስለወጠው የቱ ነው ብዬ ነው። አንድ ቢኖር በቂ ነው።

ሰብ ስፔሻሊቲ ሲከፈት ለምሳሌ የልጆች ካንሰር፣ ለውጡ ምን ያህል ነው?

ትልቅ ነው። በ1947 መጨረሻ ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የደም ካንሰር ላለባቸው ልጆች አሚኖፕቴሪን መስጠት ሲጀምሩ በሽታው ያኔ የሞት ፍርድ ነበር። መድኃኒቱ ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር የሚያሻሽላቸው፤ ግን መንገዱን ከፈተ። ዛሬ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ያስጀመረው ዕቅድ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ ይዳኑ ይላል።

ልዩነቱን የሚያመጣው መድኃኒት ብቻ አይደለም። በጊዜ አለመታወቅ አለ። ናሙና መርምሮ ካንሰሩን የሚለየው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስት፣ አለመኖር አለ። ደም አለመገኘት አለ። ሕክምናው ወራትና ዓመታት ስለሚወስድ ቤተሰብ አቅቶት መሐል ላይ ያቋርጣል። ስለዚህ የካንሰር ክፍል ተከፈተ ሲባል ከሐኪሟ በተጨማሪ የቤተሰቡን ማረፊያና የትራንስፖርት ነገር የሚከታተል ሰው መኖሩን አያለሁ። ልጁ ለሚቀጥለው ኬሞ ተመልሶ ካልመጣ ጥሩ ስፔሻሊስት መኖሩ ምን ይጠቅመዋል?

ክፍሉ አደገ ተብሎ የሞት ቁጥር ለምን ከአምና ጨመረ?

ይህን ጥያቄ የሚፈሩ ኃላፊዎች አሉ። መፍራት የለባቸውም። ክፍሉ ሲሻሻል ከሩቅ ያሉ ሆስፒታሎች በጣም የታመሙ ልጆችን መላክ ይጀምራሉ። ቀድሞ መንገድ ላይ ወይም ቤታቸው የሚሞቱት አሁን በር ይደርሳሉ። 900 ግራም የሚመዝን ጨቅላ ቀድሞ «አይሆንም» ይባል ነበር፤ አሁን ይሞከራል። ከነዚህ አንዳንዶቹ አይተርፉም፣ የሞት ቁጥሩም ይጨምራል።

ግን ይህ ሁልጊዜ ማመካኛ እንዳይሆን ቁጥሩን መበተን ያስፈልጋል። በክብደት፣ በበሽታ ዓይነት፣ በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ የሞቱትንና ከዚያ በኋላ የሞቱትን ለይቶ። ከሳምንት በኋላ በኢንፌክሽን የሚሞቱ ሕፃናት ከበዙ «ዘግይተው መጡብን» ማለት አይሠራም። ያ የያዛቸው እዚሁ ነው። በየሳምንቱ የሞተ እያንዳንዱን ልጅ አንስቶ፣ ጥፋተኛ ሳይፈልግ፣ «የት ላይ ልናተርፈው እንችል ነበር?» ብሎ የሚወያይ ክፍል ካያችሁ እዚያ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን ይወዳሉ።

ሬዚደንቶቹ ደክመዋል ይባላል። ይህ የእድገት ጉዳይ ነው?

አዎ። 30 ሰዓት ያልተኛ ሰው መድኃኒት በኪሎ እያሰላ ነው። የሬዚደንት ቁጥር ጨምሮ የሲኒየር ቁጥር ካልጨመረ ደግሞ ሌሊት የሚጠይቁት ሰው የላቸውም። ሲኒየሯ ስልክ ስታነሳ ሳትቆጣ የምትመልስበት ክፍል ውስጥ ልጆች ይተርፋሉ፤ ምክንያቱም ሬዚደንቱ ለመደወል አይፈራም።

ልጄን ሊያዩት ተማሪዎች መጡ። እምቢ ማለት እችላለሁ?

ትችያለሽ፣ ትችላለህም። ተማሪ ልጃችሁን ከመንካቱ በፊት ስሙንና ተማሪ መሆኑን መናገር አለበት፤ እናንተም መፍቀድ ወይም አለመፍቀድ መብታችሁ ነው፤ እምቢ ስላላችሁ የልጁ ሕክምና መጓደል የለበትም። ልጁ ከተኛ «ሲነቃ ኑ» በሉ። አምስት ሰው በየተራ ሆዱን ሊነካ ከሆነ «ሁለት ይበቃል» በሉ።

ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። አቅም ካላችሁ ፍቀዱ፣ ንገሯቸውም። «የዛሬ ትንፋሹ ከትናንቱ ይለያል» ስትሉ ተማሪዋ የምትማረው ከመጽሐፍ የማታገኘውን ነው። ልጃችሁን ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ «እናቱ አንድ ነገር ልክ አይደለም ካለች እመኗት» የሚለውን አንድ ሐኪም የሚማረው እንዲህ አልጋ አጠገብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሷው ሌሊት ተረኛ ትሆናለች፣ የሌላ ሰው ልጅ ትንፋሽ አጥሮት ይመጣል፣ እናቱም በሩ ላይ ቆማ «ልጄ እንደወትሮው አይደለም» ትላታለች።